ዓመቱ ሲረዝም ጣሪያው የት ይደርሳል? የሊጉ ርዝመትና የደመወዝ ጣሪያ ከአዳማ ሲታይ

ሊጉ አዳማ ሲገባ ከተማዋ የምታውቀው በአውቶቡሶቹ ነው። የክለብ ስም የተጻፈባቸው አውቶቡሶች በየሆቴሉ ግቢ ተደርድረው ያድራሉ፤ ጠዋት ወደ ልምምድ፣ ከሰዓት ወደ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ይመላለሳሉ። ባጃጅ ነጂውም፣ ምግብ ቤቱም፣ የሆቴሉ ባለቤትም ውድድሩ ጥቂት ሳምንት ቢጨምርላቸው አይጠሉም። የክለቡ ሒሳብ ሹም ግን ሌላ ነገር ይቆጥራል፤ ስንት ሌሊት አደርን፣ ስንት ሰው በላ፣ የስንት ወር ደመወዝ ቀረ?

ይህ ዳሰሳ የሚነሣው ከሒሳብ ሹሙ ጥያቄ ነው። ባለፉት ዓመታት የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ ሁለት ትልልቅ ለውጦችን አስተናግዷል። የክለቦች ቁጥር ጨምሮ የውድድር ዓመቱ ረዝሟል፤ ለተጫዋቾች የሚወጣው ገንዘብም ጣሪያ ተበጅቶለታል። ሁለቱ የመጡት በተለያየ ጊዜና በተለያየ ምክንያት ቢሆንም ክፍያቸው የሚወጣው ከአንድ ኪስ ነው። ዓመቱ ሲረዝም ጣሪያው ምን ይሆናል? ጣሪያው ባለበት ሲቆም ደግሞ የረዘመውን ዓመት ማን ይሸከመዋል? ከዚህ በታች የአገር ውስጡ ዓመተ ምሕረት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

በስንት ረዘመ?

በ2012 ውድድሩ በኮሮና ምክንያት ተሰርዞ በ2013 ሲመለስ የትግራይ ክለቦች ስላልነበሩ 13 ክለቦች ብቻ ተወዳደሩ፤ እያንዳንዱ 24 ጨዋታ አደረገ። ከ2014 እስከ 2016 ክለቦቹ 16 ሆኑ፣ ጨዋታውም 30። በ2017 መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ ሲመለሱ ቁጥሩ 19 ደረሰ። አንድ ክለብ 36 ጨዋታ ማድረግ ነበረበት፤ ቁጥሩ ጎዶሎ በመሆኑም በየሳምንቱ አንድ ክለብ አራፊ ሆነ። አራፊ ሳምንት ጨዋታ የለውም፤ ደመወዝ ግን አለው።

ከ30 ወደ 36 ሲባል ጭማሪው 20 በመቶ ብቻ ይመስላል። ሊጉ ግን እንደ ድሮው በየክለቡ ሜዳ የሚካሄድ ሳይሆን ሁሉም ክለቦች በአንድ አስተናጋጅ ከተማ ተሰብስበው የሚጫወቱበት ነው። በ2017 ይኸው ጉዞ ድሬዳዋን፣ አዳማንና ሐዋሳን ያካተተ ነበር። በእንዲህ ያለ አሠራር ወሳኙ የአንድ ክለብ ጨዋታ ብዛት ሳይሆን የሊጉ ጠቅላላ ጨዋታ ነው፤ ሜዳው አንድ ነውና ሁሉም ተራ ይጠብቃል። በ13 ክለብ 156 የነበረው ጠቅላላ ጨዋታ በ16 ክለብ 240፣ በ19 ክለብ 342 ይሆናል። በቀን ሁለት ጨዋታ ይደረጋል ብለን ብናሰላ 240ው በ120 የጨዋታ ቀናት ያልቃል፤ 342ቱ ግን 171 ቀናት ይፈልጋል። በቀን ሦስት ጨዋታ ሲደረግ ቀኑ ያጥራል፤ ሣሩ ግን አብሮ ያልቃል።

እንግዲህ የአንድ ክለብ ጨዋታ በአንድ አምስተኛ ሲያድግ ለጨዋታ የሚያስፈልገው ቀን ከሁለት አምስተኛ በላይ ያድጋል ማለት ነው። የአዳማ ሆቴሎች ትርፍና የክለቦች ወጪ የሚነሡት ከዚህ ልዩነት ነው።

ሁለት ጣሪያዎች

ስለ ደመወዝ ጣሪያ ሲወራ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። የመጀመሪያው በነሐሴ 2011 ይፋ የሆነው የአንድ ተጫዋች ጣሪያ ነው፤ ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ የሚል። በወቅቱ በነበረው የገቢ ግብር ሠንጠረዥ ከ50 ሺህ ብር ላይ 16 ሺህ ብር ለግብር ይቆረጣል፤ ጡረታ ሳይታሰብ ለተጫዋቹ የሚደርሰው 34 ሺህ ብር ነው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። የከተማ ክለቦች በሕዝብ በጀት ለተጫዋች ሲሻሙ ዋጋው ከአቅማቸው በላይ ወጥቶ ነበርና። ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ። ውሉ ላይ 50 ሺህ እየተጻፈ ከውል ውጭ የሚከፈለው ገንዘብ የአደባባይ ምስጢር ሆነ። ከፊት ለፊት በሩ ሲዘጋ የጓሮው ተከፈተ።

ሁለተኛው ጣሪያ የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ለ2017 የውድድር ዓመት ያመጣው የክለቦች የፋይናንስ መመሪያ ነው። ይህኛው አንድን ተጫዋች ትቶ ክለቡ በዓመት ለተጫዋቾቹ የሚያወጣውን ጠቅላላ ገንዘብ ይገድባል፤ በዚያ ዓመት ከፍተኛው 57 ሚሊዮን ብር ነበር። አጥፍተዋል በተባሉ ክለቦችና ተጫዋቾች ላይም ቅጣት እስከ መጣል ተደርሷል።

የሁለቱ ጠባይ ከዓመቱ ርዝመት ጋር ሲገናኝ ይለያያል። የወር ጣሪያ ከወራት ጋር ይባዛል፤ ዓመቱ በሁለት ወር ቢረዝምና ውሉ በውድድሩ ልክ ቢሆን የክለቡ ወጪ በሁለት ወር ደመወዝ ያድጋል። የዓመት ጣሪያ ግን ለጨዋታዎች ይከፋፈላል። 57 ሚሊዮን ብር ለ30 ጨዋታ ሲካፈል ለአንድ ጨዋታ 1.9 ሚሊዮን ብር ይደርሳል፤ ለ36 ሲካፈል ወደ 1.58 ሚሊዮን ይወርዳል። ጣሪያው ሳይነካ፣ ማንም ስብሰባ ሳይጠራ፣ የአንድ ጨዋታ ዋጋ ይቀንሳል።

በተጫዋቹ በኩልም ስሌቱ ያው ነው። በወር 50 ሺህ ብር ለ12 ወር የሚከፈለው ተጫዋች በዓመት 600 ሺህ ብር ያገኛል። በ24 ጨዋታ ዘመን ለአንድ ጨዋታ 25 ሺህ፣ በ30 ጨዋታ 20 ሺህ፣ በ36 ጨዋታ ደግሞ 16,667 ብር ይሆንለታል። በዚህ ላይ የብር አቅም አለ። ጣሪያው በወጣበት በ2011 መጨረሻ አንድ ዶላር በባንክ 29 ብር ያህል ነበር፤ 50 ሺሁ ብር ከ1,700 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር ማለት ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዶላሩ ከ100 ብር ሲያልፍ ያው ብር ከ500 ዶላር በታች ወረደ። በብር ቁጥር የተቸነከረ ጣሪያ ቤቱ ባይነካም በየዓመቱ ዝቅ ይላል፤ ተጫዋቹ ዝቅ ብሎ ካልገባ ሌላ በር ይፈልጋል።

ርዝመቱ ወጪውን የሚነካው በየት በኩል ነው?

አንደኛው በቡድኑ ስፋት ነው። በ24 ጨዋታ 15 ጥሩ ተጫዋች ይዞ ዓመቱን መግፋት ይቻላል። በ36 ጨዋታ፣ በድሬዳዋ ሙቀትና በአዳማ አቧራ ንፋስ መካከል እየተዘዋወሩ፣ ጉዳትና ቅጣት ይበዛል። አሠልጣኙ ወደ ተጠባባቂ ወንበሩ ሲዞር ብቁ ተተኪ ማግኘት አለበት። የገንዘቡ ጣሪያ ካልተነሣ ግን 20ኛውና 22ኛው ተጫዋች የሚገዙት ከመጀመሪያዎቹ 11 ድርሻ ተቀንሶ ነው። አለበለዚያ ወንበሩ በስም ይሞላል፣ በብቃት ባዶ ይሆናል።

ሁለተኛው በውሉ ዘመን ነው። በፊፋ የተጫዋቾች ደንብ አንድ ውል ቢያንስ እስከ ውድድር ዓመቱ ማብቂያ መዝለቅ አለበት፤ ረጅሙም አምስት ዓመት ነው። ክለቡ «ሰኔ ላይ ያልቃል» ብሎ ያቀደው ዓመት ከተሳበ ደመወዙም አብሮ ይሳባል። እንደዚሁ ደንብ የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች በጽሑፍ አስጠንቅቆ የ15 ቀን ጊዜ ከሰጠ በኋላ ውሉን ማፍረስ ይችላል። ስለዚህ በበጀት ያልታሰቡ ሁለት ወራት ለክለቡ ከዕዳም በላይ ናቸው፤ ቡድኑን ሊበትኑ ይችላሉ።

ሦስተኛው የበጀት ዓመት ነው፤ የከተማ ክለቦችን አብዝቶ የሚያስጨንቃቸውም እሱ ነው። የመንግሥት በጀት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። አዳማ ከተማን የመሰለ በከተማ አስተዳደር ድጎማ የሚተዳደር ክለብ ገንዘቡ የሚፈቀድለት ከሐምሌ እስከ ሰኔ ነው። ውድድሩ በመስከረም ጀምሮ በግንቦት ሲያልቅ የዝግጅት ወራቱም፣ የውድድሩም፣ የመጨረሻ ደመወዙም በአንድ በጀት ውስጥ ይወድቃሉ። ወደ ሐምሌ ከተንሸራተተ ግን አንዱ ቡድን በሁለት በጀት መካከል ይንጠለጠላል፤ አሮጌው ተዘግቷል፣ አዲሱ ገና አልተለቀቀም። ክረምቱም አለ። ሐምሌ ላይ የሜዳው ጭቃ የበጀቱን ያህል ያስቸግራል።

አራተኛው ከደመወዝ ጣሪያ ውጭ ያለ ወጪ ነው፤ ሆቴል፣ ምግብ፣ ነዳጅ፣ ሕክምና። ደመወዝ በጣሪያ ሲታገድ እነዚህ ግን በየቀኑ ያድጋሉ። የክለቡ ገንዘብ አንድ ስለሆነ ለአልጋ የሄደው ለደመወዝ አይመለስም። የ57 ሚሊዮን ጣሪያ ላይ መድረስ ቀርቶ ግማሹን መክፈል የሚከብደው ክለብ የሚጠየቀው ጣሪያውን ስለመብለጡ ሳይሆን የወር ደመወዙን በወቅቱ ስለመክፈሉ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ጣሪያ የሚነካው ረጅሙን ሰው ብቻ መሆኑን ነው። 57 ሚሊዮን ብር ገደብ የሚሆነው ከዚያ በላይ ማውጣት ለሚችል ክለብ ነው። የዓመቱ ርዝመት ግን ረጅም አጭር ሳይል ሁሉንም ይነካል፤ አጭሩንማ አብዝቶ።

ገቢውስ አብሮ ረዘመ?

ዓመት ሲረዝም ወጪ ብቻ ያድጋል ማለት አይደለም። በየአገሩ ሊግ የሚረዝመው ገቢ ፍለጋ ነው። ጥያቄው የኛ ሊግ ሲረዝም ማን ገቢ ያገኛል የሚለው ነው።

ክለቦች በየሜዳቸው በሚጫወቱበት ሥርዓት አንድ ተጨማሪ ክለብ ማለት ለእያንዳንዱ ነባር ክለብ አንድ ተጨማሪ የሜዳ ጨዋታ፣ አንድ ተጨማሪ የትኬት ሽያጭ ማለት ነው። በአስተናጋጅ ከተማ ሥርዓት ግን አዳማ ከተማ ደጋፊው ፊት የሚጫወተው ሊጉ አዳማ በሚቆይባቸው ሳምንታት ብቻ ነው፤ በቀረው ጊዜ ባለሜዳ የሚባለው በወረቀት ነው። ሐዋሳ ላይ አዳማና ወልዋሎ ሲጫወቱ መቀመጫውን የሚሞላው ማነው?

የቴሌቪዥን ገቢው ሌላው ተስፋ ነው። በ2013 የጀመረው የዲኤስቲቪ ስምምነት በአምስት ዓመት 22.5 ሚሊዮን ዶላር ተብሎ ተነግሯል፤ በዓመት በአማካይ 4.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ለክለቦች ይደርስ የነበረው ወጪ ተቀንሶና በደረጃ ተለይቶ ነው፤ ለአስረጂ ያህል ግን ሁሉም እኩል ቢካፈል ለ13 ክለብ 346 ሺህ፣ ለ16 ክለብ 281 ሺህ፣ ለ19 ክለብ 237 ሺህ ዶላር ያህል ይደርሳል። የብር ምንዛሪ መውረዱ ድርሻውን በብር ሊያሳድገው ይችላል፤ ቁራሹ ግን ክለብ በተጨመረ ቁጥር ያንሳል። እንጀራው ያው ሆኖ ተመጋቢው ሲበዛ ማዕዱ ረዘመ አይባልም።

ከመርዘሙ የሚገኘውን በጎ ነገር መካድም ፍርደ ገምድልነት ነው። የትግራይ ክለቦች መመለስ ከሒሳብ በላይ ነው፤ በሜዳ ያልተሸነፉ ክለቦች ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ለወጣት ተጫዋችም ብዙ ጨዋታ ማለት ብዙ ዕድል ነው። በጥር 2014 በአፍሪካ ዋንጫ ካሜሩን ላይ ግብ ያስቆጠረው ዳዋ ሆቴሳ በዚያን ጊዜ የአዳማ ከተማ አጥቂ ነበር፤ እንዲህ ያሉ ልጆች የሚበስሉት በልምምድ ብቻ አይደለም። አስተናጋጅ ከተማም ትጠቀማለች። የስብሰባና የጉባኤ ከተማ ለሆነችው አዳማ ሊጉ አንድ ረጅም ጉባኤ ነው። ትርፉን የሚያፍሰው ሆቴሉ፣ ወጪውን የሚሸከመው ክለቡ መሆኑ ግን ሊዘነጋ አይገባም።

ሌላው ዓለም እንዴት አደረገው?

ርዝመትንና ጣሪያን አብሮ በማስላት የአሜሪካኖቹ ኤንኤፍኤል፣ ኳሱን በእጅ የሚይዙት፣ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የእያንዳንዱን ቡድን ጨዋታ ከ16 ወደ 17 አሳደጉ። ጭማሪው ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር በ2020 በተፈረመ የጋራ ስምምነት የተቋጨ ነበር፤ ጨዋታው ሲጨምር የተጫዋቾች የገቢ ድርሻም እንዲጨምር ተደረገ። የዚያ ሊግ ጣሪያ ከጠቅላላ ገቢው በመቶኛ የሚወጣ ነው። በ2020 ለአንድ ቡድን 198.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ስታዲየሞች በኮሮና ባዶ ሲሆኑ በ2021 ወደ 182.5 ወረደ፤ በ2022 ወደ 208.2 ወጣ፤ በ2025 ደግሞ 279.2 ሚሊዮን ደረሰ። ዕድገቱ በአብዛኛው ከቴሌቪዥን የመጣ ነው፤ ቴሌቪዥኑ የሚገዛው ደግሞ ጨዋታ ነው። ጣሪያው ከገቢው ጋር ይተነፍሳል፤ ገቢ ሲወርድ ይወርዳል፣ ሲወጣ ይወጣል።

አውሮፓም ወደዚያው አዘንብሏል። ዩኤፋ የቡድን ወጪ ከገቢ ጋር ያለውን ምጣኔ በ2023/24 በ90፣ በቀጣዩ ዓመት በ80፣ በ2025/26 በ70 በመቶ እንዲወሰን አድርጓል። በአንጻሩ የእንግሊዝ ሦስተኛና አራተኛ እርከን ሊጎች በነሐሴ 2020 የ2.5 እና የ1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ቁርጥ ያለ ጣሪያ ጥለው ነበር፤ የተጫዋቾቹ ማኅበር ተከራክሮ ስለረታ በየካቲት 2021 ተነሣ። ተጫዋች ያልመከረበት ቁርጥ ጣሪያ እዚያ በሽምግልና ፍርድ ፈረሰ፤ እኛ ዘንድ በጓሮ ክፍያ ተሸረሸረ። የሁለቱም በሽታ አንድ ነው።

ከወንጂ እስከ ሻሸመኔ

የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መስታወት ናቸው፤ የክለብ ባለቤትነት ታሪክ በአንድ መንገድ ዳር ተዘርግቶ ይታይባቸዋልና። ከአዳማ በስተደቡብ ወንጂ፣ በምሥራቅ መተሐራ አሉ። በስኳር ፋብሪካዎቹ ክለቦች ዘመን ተጫዋቹ በመሠረቱ የፋብሪካ ሰው ነበር፤ ደመወዙ በፋብሪካው መዝገብ ይወጣል፣ ቤቱ በፋብሪካው ግቢ ነው። ውድድሩ ሁለት ወር ቢረዝም ፋብሪካው አዲስ ወጪ አይመጣበትም፤ ሰውየው እንደሆነ ዓመቱን ሙሉ ደሞዝተኛ ነው። በዚያ ሥርዓት የደመወዝ ጣሪያ የሚባል ነገርም አያስፈልግም፤ የፋብሪካው እርከን ራሱ ጣሪያ ነበር። ያ ዘመን ሲያልፍ ተጫዋቹ ባለሙያ፣ ክለቡ የከተማ አስተዳደር ሆነ። ደመወዝ ከእርከን ወጥቶ ገበያ ገባ።

ከሞጆ ተነሥቶ በባቱ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ የዚህን አዲስ ዘመን ክለቦች ያገናኛል። ሻሸመኔ ከተማ በ2016 ፕሪምየር ሊግ ገብቶ በዚያው ዓመት ወረደ። ነገሌ አርሲ ደግሞ በ2017 መጨረሻ አድጓል። ለእንዲህ ዓይነት ከተማ ማደግ ትልቅ ደስታ ነው፤ አደባባዩ ይጨፍራል፣ መኪናው ጥሩምባ ይነፋል። በማግሥቱ ግን ምክር ቤቱ ፊት የሚቀርበው ጥያቄ ከባድ ነው። ከፕሪምየር ሊጉ በታች ካለው ከከፍተኛ ሊጉ አጭር ውድድር ወደ ረጅሙ ሲገባ ቡድኑ መስፋት፣ ደመወዙ መጨመር፣ ለወራት ከቤት ርቆ ማደር ሊኖር ነው። ይህ ገንዘብ ከውኃ፣ ከመንገድና ከትምህርት ቤት ጋር ከአንድ ካዝና ይወጣል። ለነገሌ አርሲ 57 ሚሊዮን ብር ጣሪያ ነው ወይስ ተራራ?

ምን ይሻላል?

በጉዳዩ ላይ የሚሰሙት ሐሳቦች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው «ጣሪያው ይጥበቅ፣ ቅጣቱ ይክበድ» የሚል ነው። ሕግ ሲወጣ መከበር አለበትና እውነት አለው፤ የዓመቱን ርዝመት ግን ከቁጥር አያስገባም። ሁለተኛው «ጣሪያ ይነሣ፣ ገበያው ይወስን» ይላል። ክለቦቹ ትርፍና ኪሳራቸውን ራሳቸው የሚሸከሙ ቢሆኑ ያስኬድ ነበር፤ ከፋዩ ግብር ከፋዩ ሕዝብ በሆነበት አገር ግን ገበያው ነጻ አይደለም፣ በሰው ገንዘብ የሚጫረት ነው። ሦስተኛው «ሊጉ ይጠር» የሚለው ነው። ክለብ መቀነስ ወጪን ያቀላል፤ ይሁን እንጂ የተቀነሰው ክለብ ያለበት ከተማም ልጆች አሉት።

የዚህ ዳሰሳ ፍርድ ከሦስቱም ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ስሕተቱ ጣሪያ መኖሩ ወይም ዓመቱ መርዘሙ አይደለም፤ ሁለቱ ሳይተያዩ መወሰናቸው ነው። ስለዚህ የክለቦች ቁጥር በተቀየረ ቁጥር ጣሪያው በዚያው ስብሰባ እንደገና ይሰላ፤ መነሻውም ክለቡ ከድጎማ ውጭ የሚያገኘው ገቢና የጨዋታው ብዛት ይሁን። የውድድሩ መርሐ ግብር የበጀት ዓመቱን እንዳያልፍ፣ ካለፈም የሐምሌ ደመወዝ አስቀድሞ ተይዞ እንዲቀመጥ ይደረግ። ከአስተናጋጅነት የሚገኘው ጥቅም፣ ከሆቴሉም ከማስታወቂያውም፣ ቢያንስ በከፊል ወደ ክለቦቹ የሚመለስበት መንገድ ይበጅ። በመጨረሻም ውሳኔው ላይ ተጫዋቾቹ በማኅበራቸው በኩል ይቀመጡ፤ ያልመከሩበትን ጣሪያ እንደማያከብሩት 2011 አስተምሮናል።

እስከዚያው የአዳማ ከተማ ምክር ቤትም ሆነ የነገሌ አርሲ፣ የክለቡን በጀት ሲያጸድቅ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ማንን አስፈረማችሁ?» መሆኑ ቀርቶ «ውድድሩ መቼ ያልቃል?» ቢሆን ይበጃል። የተጫዋቹ ዋጋ የሚታወቀው የመጨረሻው ጨዋታ ቀን ሲታወቅ ነው።